አርባ አምስት ደቂቃ ለአንዲት ዓረፍተ ነገር

የሳይበር ደህንነት ጉባኤ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ የት የት እንደሠራ፣ የሚናገረው ሁሉ የግሉ እንጂ የመሥሪያ ቤቱ አቋም እንዳልሆነ ሲያስረዳ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያልቃሉ። በቀጥታ ላሳያችሁ ያለው ጠለፋ እምቢ ሲለውና «ማታ ሆቴል ውስጥ ሠርቶልኝ ነበር» እያለ ሲማጸን ሌላ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለኝ ብሎ ማይክ የተቀበለ ሰው ጥያቄውን ትቶ የራሱን ንግግር ያቀርባል። ሰሚው የሚፈልጋት ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ የትኛው በር መዘጋት እንዳለበት፣ የትኛው የሶፍትዌር እትም እንደተበሳ፣ የትኛው ትእዛዝ እንደሚጻፍ የምትናገር። እሷም በመሃል የሆነ ቦታ ላይ፣ ተናጋሪው ውሃ ሊጎነጭ ጎንበስ ከማለቱ በፊት፣ በአንድ ትንፋሽ ተብላ ታልፋለች። እንዲህ ያለውን ንግግር ወደ ጽሑፍ ግልባጭ መቀየርና ግልባጩን በቃል ተፈልጎ የሚገኝ ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። የሥራው ሕግጋት የትም አገር አንድ ናቸው። ከቦሌ እስከ አያት ባለው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ግን የራሳቸው ጠባይ አላቸው።

ነገሩ የመጣው ንግግሩ ከመብዛቱ ነው። የጀርመኑ ካኦስ ኮምፒውተር ክለብ ዓመታዊ ጉባኤውን በሃምቡርግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቱ የፈረንጅ ነው)። ጄፍ ሞስ የተባለ ወጣት ዴፍ ኮንን ላስ ቬጋስ ውስጥ በ1993 ጀመረ፤ ብላክ ሃት በ1997 ተከተለ። የዛሬው ተመልካች የእነዚህንና የሌሎች ጉባኤዎችን ንግግሮች በሺዎች ቆጥሮ በነጻ ያገኛቸዋል። አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይኖረው ሌት ተቀን ቢያይ እንኳ አይጨርሳቸውም፤ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ የሳይበር ደህንነት ባለሙያ አይደለም።

በቀጥታ ስርጭት ልከታተል ያለውን ሰዓቱ ይጣላዋል። ላስ ቬጋስ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን ቦሌ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የሚጀምረው ንግግር እዚህ ሲደርስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ዴፍ ኮን ብዙውን ጊዜ የሚውለው ፍልሰታ በሚገባበት ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን በዚያ ሰዓት መብራቱ የበራ ቤት በጎረቤት ዘንድ የሚጠረጠረው ሰዓታት ሊቆም በመነሣት ነው፤ ጠለፋ ሊማር የነቃ መኖሩ ለማንም አይታሰብም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ቀረጻውን ይጠብቃል። ቀረጻው ሲመጣም ጣቱን በስልኩ መስታወት ላይ ወደፊትና ወደኋላ እየጎተተ «ቅድም እኮ እዚህ ጋ ነበረች» ይላል። ጣት ጎታቹ በገርጂም በሰሚትም በሲኤምሲም አንድ ዓይነት ነው። ከ31ኛው ደቂቃ ወደ 33ኛው ሲዘል የፈለጋት ነገር በ32ኛው ላይ ትቀራለች፤ ሲመለስ ደግሞ ማስታወቂያ ይቀበለዋል።

ጉባኤ ከአዳራሽ ወደ ስክሪን ሲዛወር ከትልልቆቹ ምሳሌዎች አንዱ ሊካሄድ የነበረው ቦሌ ላይ ነው። አይሲኤልአር የተባለው ከዋነኞቹ የማሽን ትምህርት ጉባኤዎች አንዱ የሆነው ስብሰባ የ2020 ጉባኤውን በሚሌኒየም አዳራሽ ሊያካሂድ ቀጠሮ ይዞ ነበር። የመክፈቻው ቀን ሚያዝያ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ የዳግም ትንሣኤ እሑድ። እንግዶቹ ቢመጡ ኖሮ ጾሙ ተፈትቶ የከተማው ሰው በግ ከማረድ ገና እጁን ሳይታጠብ ይደርሱ ነበር። ኮቪድ መጣና ጉባኤው ሙሉ በሙሉ ወደ ኢንተርኔት ዞረ፤ አዳራሹም ብዙም ሳይቆይ የኮቪድ ሕሙማን ማዕከል ሆነ። ተቀባይነት ያገኙት 687 ጥናቶች እያንዳንዳቸው አጭር ቪዲዮ ተቀርጾላቸው በአንድ ድረ ገጽ ላይ ተደረደሩ። ከእነሱ ውስጥ ማሽንን በረቀቀ ዘዴ ስለማታለል፣ ማለትም ለሰው ዓይን በማይታይ ለውጥ ድመትን ሌላ ነገር አስመስሎ ስለማሳየት የሚያትቱ የደህንነት ጥናቶችም ነበሩ። አዘጋጆቹ ያስተዋሉት አንድ ነገር አለ፤ ሰው በአዳራሽ ውስጥ በእግሩ እየተንሸራሸረ የሚያገኘውን ነገር በኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው በፍለጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥናቶቹ በቃል እንዲፈለጉ፣ የሚመሳሰሉትም በካርታ ላይ እንዲቀራረቡ አደረጉ፤ የድረ ገጹን ኮድም ማንም እንዲወስደው ለቀቁት። ወደ ቦሌ ሊመጣ የነበረው ጉባኤ እንዲህ ሆኖ ሁሉም ቤት ገባ፤ ቦሌ የቀረባት የሆቴልና የታክሲው ገቢ ነው።

የግልባጭ ፈላጊዎቹ እነማን ናቸው ቢባል፣ አካባቢው ራሱ ይመልሳል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በአጭሩ ኢመደአ፣ ወሎ ሰፈር ነው። በጎሮ በኩል ባለው የአይሲቲ ፓርክ የዳታ ማዕከሎች ሰርቨር ያቀዘቅዛሉ። በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ የባንክ ቅርንጫፍ የሌለበት ሕንፃ ተፈልጎ አይገኝም፤ እያንዳንዱ ባንክ ደግሞ የሆነ ፎቅ ላይ አንድ የመረጃ ደህንነት ክፍል አለው። በዚያ ክፍል ውስጥ አለቃው ሰኞ ጠዋት «ያ ፈረንጅ ስለ ኤቲኤም የተናገረውን አምጡልኝ» ሲል የማይደነግጥ የለም። የትኛው ፈረንጅ? የት ጉባኤ? ስንተኛው ደቂቃ ላይ? አለቃ የሚያስታውሰው የተናጋሪውን ቲሸርት ቀለም ነው።

ግልባጭ ለምን እንደሚያስፈልግ ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው የገዛ አገርን ስም መፈለግ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለው የጣሊያን ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን ዘረዘረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ስለላ ሶፍትዌር ገበያ የሚናገር ሰው የአገሮችን ስም ሲደረድር ኢትዮጵያን ጠራ አድርጎ ያልፋል። በንግግሩ ርእስ ላይ ግን አገሪቱ የለችም፤ በማብራሪያውም ላይ የለችም። ያለችው በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ በሁለት ነጠላ ሰረዞች መካከል ነው። ግልባጭ የሌለው ሰው ሙሉውን ካልሰማ በቀር አገሩ መነሣቷን አያውቅም። በተቃራኒው፣ በጁላይ 2015 ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈና 400 ጊጋባይት ያህል ገመናው ወጣ፤ ዊኪሊክስም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢሜይሎቹን በቃል እንዲፈለጉ አድርጎ ዘረጋቸው። ከኢትዮጵያ ደንበኞቹ ጋር የተጻጻፈውም እዚያው ውስጥ ነበር። በመድረክ ላይ በማይክ ለሕዝብ የተነገረው ቃል ተደብቆ ሲኖር፣ በምስጢር የተጻፈውና የተሰረቀው በአንድ ሰከንድ ይገኛል ማለት ነው። ልዩነቱ አንዱ ድምፅ፣ ሌላው ጽሑፍ መሆኑ ብቻ ነው።

ወደ አሠራሩ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ደንብ የተጻፈን እንደገና አለመጻፍ ነው። ዩቲዩብ ከ2009 ጀምሮ ንግግርን በራሱ እየሰማ የግርጌ ጽሑፍ ያወጣል፤ ከሥራው ፊታውራሪዎች አንዱ ኬን ሃረንስቲን የተባለ መስማት የተሳነው የጉግል መሐንዲስ ነበር። በካኦስ ክለብ ጉባኤ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ተቀምጠው የግርጌ ጽሑፉን በእጃቸው ያቀናሉ፤ እንዲህ የተደረገለት ንግግር ከተገኘ ሥራው አለቀ። ዋይቲ ዲኤልፒ የተባለው ነጻ መሣሪያ ቪዲዮውን ሳይነካ የግርጌ ጽሑፉን ብቻ መዞ ማውረድ ይችላል። ይህ በአዲስ አበባ ቀላል ነገር አይደለም። የ45 ደቂቃ ቪዲዮ በጥሩ ጥራት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል፤ ጽሑፉ ግን ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ፣ ማንቂያ ደወል ሞልቶ፣ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሲያወርድ የነበረ ሰው ይህን ያወቀ ዕለት ቀን ቀን መሥራት ይጀምራል፤ ሚስቱም ማን ጋር እንደሚያወራ መጠየቋን ታቆማለች።

በራስ ሰር የተሠራው የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ሲከፈት ግን አንባቢ ይደነግጣል። ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ ወደ ላይ እየተንከባለለ እንዲታይ ስለተሠራ አንዱን መስመር ሁለት ሦስት ጊዜ ይደግመዋል፤ ልክ እንደ ታክሲ ረዳት «መገናኛ መገናኛ መገናኛ» እያለ። ድግግሞሹን የምታጠራ አጭር ፕሮግራም መጻፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ስሕተቱን ማጥራት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የማሽን ጆሮ ተራውን እንግሊዝኛ በደንብ ይሰማል፤ የሙያውን ቃል ሲሰማ ግን የሚያውቀውን የቅርብ ዘመድ ይጽፋል። ተናጋሪው ስለ ኮምፒውተር ጊዜያዊ ማኅደር፣ ስለ «ካሽ»፣ ሲያወራ ማሽኑ ጥሬ ገንዘብ አድርጎ ያሰፍረዋል። የባንክ ሠራተኛ በዚህ ግልባጭ ውስጥ ስለ ጥሬ ገንዘብ ዝርፊያ ሲፈልግ ከሚያገኘው ከፊሉ ስለ ገንዘብ አለመሆኑን የሚያውቀው አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ፈላጊ ትክክለኛውን ቃል ብቻ ሳይሆን ማሽኑ ሊሳሳት የሚችልበትንም ቃል አብሮ ይፈልጋል። የሌላን ሰው ስሕተት ቀድሞ መገመት ደግሞ የደህንነት ሠራተኛ ደመወዝ የሚበላበት ችሎታ ነው።

የግርጌ ጽሑፍ የሌለው ንግግር ሲያጋጥም ድምፁ ብቻ ይወርዳል። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የተቀዳ የ45 ደቂቃ ድምፅ 43 ሜጋባይት ያህል ነው። ይህን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ዊስፐር ነው፤ ኦፕን ኤአይ በሴፕቴምበር 2022 በነጻ የለቀቀው፣ 680,000 ሰዓት ድምፅ ሰምቶ የሠለጠነ ሞዴል። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይህም ኔትወርክ እንደ ፈቃዱ ለሚመጣና ለሚሄድበት ሰፈር ትልቅ ጸጋ ነው። ትንሹ ሞዴል በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ይሮጣል፣ ስሕተቱም አብሮት ይሮጣል። ትልቁ ሦስት ጊጋባይት ያህል ሆኖ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ካርድ የሌለው ሰው ማታ አስጀምሮት ይተኛል፤ የላፕቶፑ ማራገቢያ ቤቱን በድምፅ ይሞላዋል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፤ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ካረጀ ቆይቷል። ብልሆቹ ድምፁን በአሥር በአሥር ደቂቃ ከፋፍለው ይሰጡታል፤ መብራት ቢሄድም የሚጠፋው የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ይሆናል።

ዊስፐር አንድ የታወቀ ዐመል አለው፤ ዝምታን አይወድም። አዳራሹ ጸጥ ሲል፣ ተናጋሪው ገጽ ሲያገላብጥ፣ ማሽኑ ማንም ያልተናገረውን «ስለተመለከታችሁ እናመሰግናለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ከራሱ ይጽፋል። ሲሠለጥን ከሰማቸው ቪዲዮዎች የለመደው ነገር እንደሆነ ይገመታል። ለተራ ንግግር ይህ ትሕትና ነው። ለምርመራ ቃል ግን አደጋ ነው፤ ዝም ያለ ተጠርጣሪ በግልባጩ ላይ አመስጋኝ ሆኖ ይገኛልና።

ሌላው አደጋ የራስን ስብሰባ ማስገልበጥ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ይሆናል። የደህንነት ክፍሉ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ የማታውቁትን ሊንክ አትንኩ፣ የማታውቁት ቦታ ፋይል አትጫኑ ብሎ ሁለት ሰዓት ያስተምራል። ከዚያ የሥልጠናውን ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ሲጠፋ፣ ያው ክፍል ቀረጻውን በነጻ እንገለብጣለን ለሚል ማንነቱ ለማይታወቅ ድረ ገጽ ይሰጣል። የድርጅቱ ድክመት ሁሉ በዝርዝር፣ ከሠራተኞቹ ስምና ድምፅ ጋር፣ የት እንዳለ ወደማይታወቅ ኮምፒውተር ይጓዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓ.ም.) ከወጣ በኋላ ነገሩ የሞኝነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። የሕዝብ የሆነው የላስ ቬጋስ ንግግር የትም ቢገለበጥ ችግር የለም፤ የቤት ውስጡ ግን በቤት ውስጥ ማሽን ይገለበጣል።

እስካሁን የተነገረው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለተደረገ ንግግር ነው። አማርኛ ሲመጣ ከደረጃው ወርዶ እንደገና መውጣት ግድ ነው። በየዓመቱ በጥቅምት የሳይበር ደህንነት ወር ይከበራል፤ የፓናል ውይይት ይካሄዳል፣ በቀጥታ ይሰራጫል፣ ቀረጻው ይቀመጣል። ከወር በኋላ እዚያ የተነገረች አንዲት ምክር የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ማሽኖቹ ለምን እንደማይረዱ ለመረዳት ቁጥሩን ማየት ነው። ለአማርኛ የንግግር ማወቂያ ጥናት መሠረት የሆነው፣ ሰሎሞን ተፈራ አባተ ከባልደረቦቹ ጋር በ2005 ያቀረበው የድምፅ ክምችት፣ የ100 ተናጋሪዎች ወደ 20 ሰዓት የሚጠጋ ንባብ ነበር። ያ በጊዜው ትልቅ ሥራ ነው፤ ዛሬም ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። ከ680,000 ሰዓት ጎን ሲቀመጥ ግን መንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይታያል። ጉግል በ2017 ድምፃቸውን ወደ ጽሑፍ ከሚቀይርላቸው ቋንቋዎች ጋር አማርኛን ቀላቀለ። ሜታ በ2023 ከ1,100 በላይ ለሆኑ ቋንቋዎች የሚሠራ ሞዴል አወጣ፤ የአብዛኞቹን ቋንቋዎች ድምፅ ያገኘው ከሐዲስ ኪዳን ንባብ ነው። በወንጌል ንባብ ያደገ ጆሮ ስለ ፋየርዎል ሲሰማ ምን እንደሚጽፍ መገመት ይቻላል።

ዊስፐር በአማርኛ ሲፈተን ያስመዘገበው የቃል ስሕተት መጠን ከመቶ በላይ ነው። ተማሪ ከመቶ ከመቶ በላይ ሊሳሳት አይችልም፤ ማሽን ይችላል። አቆጣጠሩ የሳተውን ቃል፣ የዘለለውንና ከራሱ የጨመረውን ደምሮ በትክክል ለተነገረው ቃል ብዛት ያካፍላል። ከተነገረው ይልቅ ያልተነገረውን አብዝቶ የሚጽፍ ስለዚህ መቶን ያልፋል። ይህን ዓይነት ጸሐፊ የትኛውም የዕድር ስብሰባ ያውቀዋል።

ከዚህም በላይ የቦሌ ባለሙያ የሚናገረው አማርኛ አይደለም፤ እንግሊዝኛም አይደለም። «ፖርቱ ኦፕን ሆኖ ስለተረሳ አታከሩ ሪሞትሊ አክሰስ አድርጎ ዳታውን ኢንክሪፕት አደረገው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለሰሚት ልጅ ጥርት ያለ ነው። ሰዋስዉ የአማርኛ ነው፣ ግሶቹም የአማርኛ ናቸው፣ ቀሪው ሁሉ ከውጭ የገባ ዕቃ ነው። ዊስፐር ደግሞ ቋንቋውን የሚወስነው የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች ሰምቶ ነው። ወጣቱ ተናጋሪ «ኦኬ፣ ጉድ አፍተርኑን ኤቭሪዋን፣ ካን ዩ ሂር ሚ? ኦኬ ኦኬ» ብሎ ከጀመረ ማሽኑ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ይፈርድና ቀጥሎ የሚመጣውን የ40 ደቂቃ አማርኛ በሙሉ እንግሊዝኛ አስመስሎ ይጽፈዋል። ውጤቱ የሰከረ ሰው ቅኔ ነው። በመንግሥት አዳራሽ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ሠላሳው ሰከንድ «ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን» ሲባል ስለሚያልቅ ማሽኑ ጥሩ አማርኛ ሊሰማ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ከዚያ ስላይዱ ይከፈትና ከተውላጠ ስሙ በቀር አማርኛ አይገኝበትም። መፍትሔው ቋንቋውን ለማሽኑ አስቀድሞ መንገርና ድምፁን ቆራርጦ መስጠት ነው፤ እንዲያም ሆኖ እርማቱ ከጽሑፉ ይበልጣል።

ለዚህ ነው የሰው ጆሮ ሥራውን ያላጣው። በ22ና በመገናኛ አካባቢ ባሉ የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች የድርጅቶችን ቃለ መጠይቅ እየሰሙ የሚጽፉ ሴቶች አሉ፤ ቋንቋቸው ከማሽን ይልቅ የታመነ፣ እጃቸውም ፈጣን ነው። የለመደ ሰው የአንድ ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ አራት ሰዓት ያህል ይወስድበታል፤ ተናጋሪዎቹ ከተደራረቡ ይበልጣል። የሚጎድላቸው የሙያው ቃል ብቻ ነው። ከባንክ የተላከ ወጣት የተጻፈለትን ሲያነብ «ባለፈው ዓመት በሠራተኞቻችን ላይ ከፍተኛ ዓሣ ማስገር ተካሂዷል» የሚል ቢያገኝ የሚከተለው ክርክር ይህን ይመስላል።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ዓሣ ምን ያደርጋል?»

«ሰውዬው ፊሺንግ ነው የሚለው ልጄ፤ ደጋግሞ ነው ያለው። እኔ ከራሴ የጨመርኩት የለም።»

«ፊሺንግ እኮ በኢሜይል ሰው ማጭበርበር ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ማጭበርበር አይልም? አፉን ማን ያዘው?»

ከዚህ በኋላ የቃላት ዝርዝር ማዘጋጀት ይለመዳል። የንግግሩ ርእስ፣ የተናጋሪው ስም፣ የሚጠበቁት ሃምሳ ያህል የሙያ ቃላት በአንድ ወረቀት ተጽፈው ለጸሐፊዋ ይሰጣሉ። ያው ዝርዝር ለማሽኑም ይሰጣል፤ ዊስፐር ከመጀመሩ በፊት አጭር መነሻ ጽሑፍ ይቀበላልና እዚያ ውስጥ ያነበበውን ቃል በድምፁ ውስጥ ሲሰማ የማወቅ ዕድሉ ይጨምራል። ከሁሉም የተሻለ ውጤት የሚገኘው ማሽኑ ረቂቁን አውጥቶ፣ ሰው አርሞ፣ የታረመውም ቃል ወደ ዝርዝሩ ተመልሶ ሲገባ ነው። ሂደቱ አሰልቺ ነው፤ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ንግግር በኋላ ግን ዓሣው እየጠፋ ይሄዳል።

ግልባጩ ከተገኘ ፍለጋው በእንግሊዝኛ ተራ ነገር ነው። ኬን ቶምሰን በ1973 የጻፈው ግሬፕ የተባለው የዩኒክስ ትእዛዝ በሺህ ፋይል ውስጥ አንድ ቃል በቅጽበት ያወጣል፤ ከመስመሩ አጠገብ የደቂቃው ቁጥር ስላለ ወደ ቪዲዮው ትክክለኛ ቦታ መዝለል ይቻላል። ፋይሉ የበዛበት ሰው ኤስኪውላይት በተባለው ትንሽ የመረጃ ቋት ውስጥ ያስገባዋል።

በአማርኛ ግን የመጀመሪያው መሰናክል የሥራው መጠሪያ ራሱ ነው። ደህንነት በሃሌታው «ህ»፣ በሐመሩ «ሕ»፣ በብዙኃኑ «ኅ» ይጻፋል፤ አንዱን የጻፈ ፈላጊ ሌሎቹን ሁለቱን አያገኝም። ፀረ ቫይረስ በፀሐዩ «ፀ»ም በጸሎቱ «ጸ»ም ይመጣል፤ ተለያይቶ፣ በጭረት ተያይዞ ወይም ተገጣጥሞ ሲጻፍ ስድስት መልክ ይኖረዋል። ሰርጎ ገብ፣ ጠላፊ፣ መረጃ መንታፊ፣ ሃከር የሚባለው አንድ ሰው ነው፤ አራት ስም ያለው ሰው ደግሞ በራሱ ያስጠረጥራል። መድኃኒቱ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ በጀርባ ወደ አንድ መለወጥ ነው፤ የሚታየው ጽሑፍ እንዳለ ይቆያል፣ የሚፈለገው ግን የተስተካከለው ቅጂ ነው። የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት ተከራካሪዎች ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ። በጀርባ የሚሆነውን ስለማያዩት ግን ሰላም ይወርዳል።

ሁለተኛው መሰናክል ቃሉ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። «ይለፍ ቃል» የሚለው በንግግር ውስጥ «በይለፍ ቃላችሁ»፣ «የይለፍ ቃሉን»፣ «ከይለፍ ቃሎቻችን» ሆኖ ይወጣል። ሙሉ ቃል የሚፈልግ ፕሮግራም እነዚህን አያያቸውም፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው የቃሉን መሃል ብቻ ይጽፋል፣ ራሱንም ጅራቱንም ቆርጦ። ከ1999 በፊት፣ ማለትም የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት፣ እንዲሁም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በቪዥዋል ግእዝና በፓወር ግእዝ የተተየቡ የጉባኤ ጽሑፎች ደግሞ ፊደሉ ካልተጫነ የላቲን ፍርስራሽ ሆነው ነው የሚከፈቱት። እነዚህ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው፤ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ።

የቀረው ማስቀመጡ ነው። ቪዲዮ ከኢንተርኔት ይነሣል፣ ቻናል ይዘጋል፤ ስለዚህ ግልባጩ ከነምንጩ፣ ከነተናጋሪው ስም፣ ከነቀኑ በራስ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ዓለምን ያንቀጠቀጠው በሜይ 2017 ነበር፤ በአገሩ አቆጣጠር ግንቦት 2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አንዱ ሠራተኛ ስለ እሱ የተደረገውን ንግግር «ሳይበር 2017» ብሎ ያስቀምጠዋል። ሌላው በ2017 ዓ.ም. የሳይበር ደህንነት ወር የተቀረጸውን የአማርኛ ፓናል እዚያው ማኅደር ውስጥ «ሳይበር 2017» ይለዋል። ኮምፒውተሩም ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ ልተካው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል ነው፤ የአያት ሰርቪስ ታች ቆሞ ጥሩንባ እየነፋ ነው፤ ሠራተኛው ሳያነብ «አዎ» የሚለውን ይጫናል።